ለጥምቀት ጎንደር ለመሄድ ዘግይተው ለወሰኑ፦ የአንባቢያን ጥያቄዎችና መልሶቻቸው

የገና በዓል ሲያልፍ የጥያቄ ሳጥናችን በአንድ ጉዳይ ይሞላል፤ ጥምቀትን ጎንደር ለማክበር ያሰቡ፣ ግን ቲኬትም አልጋም ያልያዙ ሰዎች ጉዳይ። ዘንድሮ ከመጡት መካከል የብዙዎቹን ጭንቀት የሚነኩትን መርጠን መልሰናል።

«እኔና ባለቤቴ ከሦስት ጓደኞቻችን ጋር ለመሄድ የወሰንነው ገና ካለፈ በኋላ ነው። የአየር መንገዱ መተግበሪያ ለጥር 9 እና ለጥር 10 መቀመጫ የለም ይለናል። የምር አልቋል?» (አዲስ አበባ፣ ገርጂ)

ላያልቅ ይችላል። አምስት መቀመጫ በአንድ ጊዜ ፈልጋችሁ ከሆነ፣ አውሮፕላኑ ላይ አራት ክፍት ቦታ ቢኖር እንኳ መልሱ «የለም» ነው። ሌላም ነገር አለ። መቀመጫዎች የሚሸጡት በዋጋ ደረጃ ተከፋፍለው ነው። በዝቅተኛው ዋጋ ሁለት ብቻ ቀርተው አምስት ከጠየቃችሁ፣ አምስቱንም ወደ ላይኛው ዋጋ ያወጣባችኋል። ስለዚህ መጀመሪያ ለአንድ ሰው፣ ቀጥሎ ለሁለት ሰው ፈልጉ። ሁለቱ ጠዋት፣ ሦስቱ ከሰዓት በኋላ ቢበሩ ምንም አይጎድልባችሁም፤ ማታ እዚያው ትገናኛላችሁ።

ቀጥሎ ቀኑን አረጋግጡ። መተግበሪያው የሚሠራው በፈረንጆች አቆጣጠር ነው። ከተራ ጥር 10 ጃንዋሪ 18፣ ጥምቀት ጥር 11 ጃንዋሪ 19፣ ቃና ዘገሊላ ጥር 12 ደግሞ ጃንዋሪ 20 ላይ ይውላል። ጳጉሜን ስድስት ቀን ከሆነችበት ዓመት ቀጥሎ ባለው ዓመት ግን ሁሉም በአንድ ቀን ይገፋል፤ በ2016 ዓ.ም. ጥምቀት ጃንዋሪ 20 ላይ የዋለው በዚህ ምክንያት ነው፤ በ2020 ዓ.ም.ም እንደዚያው ይሆናል። ጃንዋሪ 19ን በቃል ይዞ በእነዚህ ዓመታት ቲኬት የሚቆርጥ ሰው መመለሻውን በአንድ ቀን አስቀድሞ ሊይዘው፣ በዋናው ቀንም አውሮፕላን ላይ ሊሆን ይችላል።

ሰዓቱም እንዲሁ ነው። ቲኬቱ ላይ 07:00 የሚለው ጠዋት አንድ ሰዓት እንጂ ከቀኑ ሰባት ሰዓት አይደለም። ይህን የምንለው ለሁለታችሁ ብቻ አይደለም፤ ቲኬቱን ስታስተላልፉላቸው ለጓደኞቻችሁም በእኛ ሰዓት ጽፋችሁ ላኩላቸው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንምጣ፦ መጀመሪያ መያዝ ያለበት መመለሻው ነው። ወደ ጎንደር የሚሄደው ሰው ከጥር 6 እስከ ጥር 10 ተበታትኖ ነው የሚጓዘው፤ ከፊሉ ቀድሞ ከተማውን ያያል፣ ከፊሉ ዘመድ ይጠይቃል። ሲመለስ ግን ሁሉም ጥር 12 ከሰዓት በኋላ ወይም ጥር 13 መውጣት ይፈልጋል፤ ሥራ አለው፣ ልጆቹም ትምህርት አላቸው። ዘግይቶ የሚወስን ሰው ታዲያ መሄጃውን አግኝቶ ደስ ይለውና መመለሻ ሲያጣ እዚያው ሦስትና አራት ሌሊት በበዓል ዋጋ ያድራል። መመለሻውን ጥር 14 ወይም 15 ላይ ፈልጉት፤ አንድ የዕረፍት ቀን ከመሥሪያ ቤት መጠየቅ ከዚህ ሁሉ ይቀላል። መሄጃውንም ጥር 7 ወይም 8 ላይ ሞክሩ። መመለሻ ካልተገኘ ጉዞውን ለከርሞ ማስተላለፍ ይሻላል እንላለን።

ጥር 11 ጠዋት የሚነሳ በረራ ቢገኝም አይውሰዱ። የጎንደር አውሮፕላን ማረፊያ አዘዞ ነው፤ ከመሀል ከተማ 18 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል። ታቦታቱ ወደየደብራቸው እስኪገቡ ድረስ መንገዱ ለመኪና ዝግ ነው፤ አዘዞ ላይም ታቦት ይወጣል። ጥር 12 የቅዱስ ሚካኤል ታቦት የሚመለስበት ስለሆነ ያን ቀን የሚበር ሰው ከሰዓት በኋላ ያለውን ይምረጥ፤ ከሆቴሉም ከበረራው አራት ሰዓት ያህል ቀድሞ ይውጣ።

የተያዘ ነገር ግን ያልተከፈለበት ቦታ የጊዜ ገደብ አለው፤ ገደቡ ሲያልፍ በራሱ ይሰረዝና መቀመጫው ተመልሶ ለሽያጭ ይወጣል። አንድ ጊዜ «የለም» ስለተባላችሁ አትተዉት። ጠዋት ስትነሱና ማታ ከመተኛታችሁ በፊት እየከፈታችሁ እዩ። አየር መንገዱ ለበዓሉ ተጨማሪ በረራ ሲያስገባም ብዙ መቀመጫ በአንድ ጊዜ ይከፈታል፤ ያኔ የሚያገኘው የመክፈያ ገንዘቡን በሞባይል ባንኩ ወይም በቴሌብሩ አዘጋጅቶ የሚጠብቅ ሰው ነው። ቦታው ሲገኝ «ነገ እከፍላለሁ» ማለት አያዋጣም፤ የሌሎች ቦታ እንደተሰረዘ የእናንተም ይሰረዛል።

ስም ስትሞሉ መታወቂያው ወይም ፓስፖርቱ ላይ እንዳለው፣ ፊደል በፊደል ይሁን። የሚጠሩበት ስምና መታወቂያው ላይ ያለው የተለያየ ጓደኛ ካላችሁ አስቀድማችሁ ጠይቁት፤ በበዓል ዋዜማ ስም ማስተካከል ወረፋም ወጪም አለው።

አንድ ነገር እንጨምር፤ ብዙ ሰው የሚጎዳበት ነው። ደርሶ መልስ ቲኬት ገዝታችሁ በመሄጃው ካልበረራችሁ መመለሻውም አብሮ ይሰረዛል። «በመኪና እንሄድና በአውሮፕላን እንመለሳለን» የምትሉ ከሆነ መመለሻውን ብቻውን፣ የአንድ መንገድ ቲኬት አድርጋችሁ ግዙት።

«የደወልንባቸው ሆቴሎች ሁሉ አልጋ ሞልቷል ይላሉ። ቴሌግራም ላይ ግን አንድ ሰው ፒያሳ አልጋ አለ፣ ሙሉውን ክፍያ አሁን ላኩ እያለን ነው። እንላክ?» (ቢሾፍቱ)

አይላኩ። በመጀመሪያ የሆቴሉን ስም ይጠይቁት። ስሙን ሲሰጥዎ የእንግዳ መቀበያውን ቁጥር ከእሱ ሳይሆን ከሆቴሉ ከራሱ ገጽ ወይም ከሚያውቁት የጎንደር ሰው ያግኙና ይደውሉ። «እገሌ የሚባል ሰው በእናንተ ስም አልጋ ይሸጣል ወይ?» ብለው በቀጥታ ይጠይቁ። ደላላ ሁሉ አጭበርባሪ አይደለም፤ ቀድሞ ክፍል ይዞ በትርፍ የሚያስተላልፍ አለ። የሌለ ክፍል የሚሸጥም ግን አለ፤ ሁለቱን የሚለየው ይህ የስልክ ጥሪ ነው።

ክፍያው በባንክ ከሆነ፣ የሂሳብ ቁጥሩን በሞባይል ባንክ ሲያስገቡ ከማረጋገጥዎ በፊት የባለ ሂሳቡ ስም ይመጣልዎታል። የመጣው የሆቴሉ የንግድ ስም ነው ወይስ የግለሰብ? የግለሰብ ከሆነ እዚያው ያቁሙ። ትንንሽ ፔንሲዮኖች በባለቤቱ ስም ሊቀበሉ ስለሚችሉ፣ እንዲህ ከሆነ ከተማው ውስጥ ያለ ሰው በአካል ሄዶ ቀብዱን ይክፈልልዎ፤ ደረሰኙንም ፎቶ አንስቶ ይላክልዎ። ሙሉውን አስቀድሞ መክፈል የሚያስፈልግበት ምክንያት የለም፤ የአንድ ሌሊት ቀብድ የተለመደ ነው። አንዳንድ ሆቴሎች ለበዓሉ ከሦስት ሌሊት በታች አንሰጥም ይላሉ፤ ያ ሕጋቸው ስለሆነ ሊከራከሩት አይችሉም፤ ግን ከመክፈልዎ በፊት ይወቁት።

ዋጋ ሲነገርዎ «ቫትና ሰርቪስ ተጨምሮበት ነው?» ብለው ይጠይቁ። 15 በመቶ ቫትና 10 በመቶ የአገልግሎት ክፍያ ሲጨመርበት በስልክ የሰሙት ዋጋ ከሩብ በላይ ያድጋል፤ ቫቱ ሰርቪሱም ላይ ስለሚሰላ። ከዚያ ስምዎን፣ የሚገቡበትንና የሚወጡበትን ቀን በሁለቱም አቆጣጠር፣ የክፍሉን ዓይነትና ዋጋውን በጽሑፍ መልእክት እንዲልኩልዎ ያድርጉ። «ጥር 9 እገባለሁ» ብለው እንግዳ ተቀባዩ «ጃንዋሪ 9» ብሎ ከመዘገበው፣ ክፍልዎ ከስምንት ቀን በፊት ለሌላ ይሰጣል።

ሞልቷል የተባለ ሆቴልም ቢሆን መልሰው ይደውሉ። አስጎብኚ ድርጅቶች ለቡድን ብዙ ክፍል ይይዙና ቡድኑ ሲቀንስ የተረፈውን ይለቃሉ፤ ይህ የሚሆነው በመጨረሻዎቹ ቀናት ነው። ጥር 6፣ 7 እና 8 ከሰዓት በኋላ ይደውሉ። በደፈናው «አልጋ አለ?» ከማለት «የተለቀቀ የቡድን ክፍል አለ? ከተለቀቀ በዚህ ቁጥር ይደውሉልኝ፤ ቀብዱን ወዲያው እልካለሁ» ማለት የበለጠ ያስገኛል።

ስለ ሰፈሩ። የፋሲል ባሕረ ጥምቀት ከፒያሳ በስተ ሰሜን ምዕራብ ሁለት ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ በእግር ግማሽ ሰዓት። በከተራና በጥምቀት ዕለት ባጃጅ ወደዚያ አይጠጋም፤ ስለዚህ የሚገዙት ክፍሉን ብቻ ሳይሆን የእግር መንገዱንም ጭምር ነው። ፒያሳ፣ ጃንተከል አካባቢና ወደ ቀሃ ኢየሱስ የሚወስደው መንገድ ዳር ያሉ ፔንሲዮኖች ከሩቅ ምርጥ ሆቴል ይሻላሉ። ማራኪ የሚባለው ሰፈርም ይቻላል፤ ግን ሌሊት መነሳት አለብዎ። አዘዞ ለአውሮፕላኑ ቅርብ ቢሆንም ለበዓሉ ከ10 ኪሎ ሜትር በላይ ይርቃል፤ ሌላ ሲጠፋ ብቻ ይያዙት።

ፔንሲዮን ሲይዙ ከሻወሩ ሙቀት በፊት «ሮቶ አላችሁ?» ብለው ይጠይቁ። የጎንደር የውኃ እጥረት የቆየ ችግር ነው፤ ከተማው በእንግዳ ሲሞላ ደግሞ ይብሳል። ሮቶ የሌለው ቤት ውስጥ ሦስት ቀን ከባልዲ ላይ መታጠብ ይመጣል። ጄኔሬተር መኖሩንም ይጠይቁ፤ የስልክዎ ባትሪ ጉዳይ ነው።

«ከቨርጂኒያ ነው የምጽፈው። በመጨረሻው ሰዓት የሥራ ፈቃድ አገኘሁ። ባለቤቴ ኢትዮጵያዊ አይደለም። ለቪዛና ለአገር ውስጥ በረራ ጊዜ አለኝ?»

ሁለት ሳምንት ካለዎ ይበቃል፤ አንድ ሳምንት ከሆነ ዛሬውኑ ይጀምሩ። የትውልደ ኢትዮጵያዊ መታወቂያ (ቢጫ ካርድ) ካለዎ ቪዛ አያስፈልግዎትም፤ መታወቂያው ያላለፈበት መሆኑን ብቻ አሁኑኑ ይዩት። ባለቤትዎ በኢንተርኔት ቪዛ ያመልክቱ። ማመልከቻው የሚሞላው በመንግሥት የኢሚግሬሽን ገጽ ላይ ነው፤ ፍለጋ ላይ መጀመሪያ የሚመጡት ብዙ ጊዜ መንግሥታዊ የሚመስሉ አማላጅ ድርጅቶች ናቸው፤ ለዚያው ቪዛ ተጨማሪ ክፍያ ይጠይቃሉ። የአድራሻው መጨረሻ የኢትዮጵያ መንግሥት መለያ መሆኑን ሳያዩ የካርድ ቁጥር አያስገቡ። ፓስፖርቱ ከመግቢያው ቀን ጀምሮ ቢያንስ ስድስት ወር የሚቀረው ይሁን። ማመልከቻ ከሚያጓትቱት ነገሮች ዋናው የፓስፖርት ገጽ ፎቶ ነው፦ ብልጭታ ያረፈበት፣ ጥግ የተቆረጠ፣ ከታች ያሉት ሁለት የኮድ መስመሮች የማይነበቡ። በቀን ብርሃን፣ ጠረጴዛ ላይ ዘርግተው ያንሱት። ሲፈቀድም አትመው ይያዙት።

የአገር ውስጡን በረራ በተመለከተ፣ ከውጭ የሚመጡት በኢትዮጵያ አየር መንገድ ከሆነ የአገር ውስጥ ቲኬት በቅናሽ ያገኛሉ። በሌላ አየር መንገድ የመጣ መንገደኛ ይህን አያገኝም፤ ስለዚህ ርካሽ መስሎ የታየዎትን የሌላ አየር መንገድ ቲኬት ከመግዛትዎ በፊት ሁለቱን ጉዞ ደምረው ያወዳድሩ። ከተቻለ እስከ ጎንደር ድረስ በአንድ ቲኬት ይግዙት። የመጀመሪያው በረራ ቢዘገይና ሁለተኛው ቢያመልጥዎ በሌላ በረራ የማሳፈሩ ኃላፊነት የአየር መንገዱ ይሆናል። ለየብቻ ከገዙት ኪሳራው የእርስዎ ነው፤ በጥምቀት ሰሞን ደግሞ ተለዋጭ መቀመጫ በቀላሉ አይገኝም።

ቦሌ ደርሰው ኢሚግሬሽንና ጉምሩክ አልፈው ወደ አገር ውስጥ መንገደኞች በኩል ለመሄድ ከሦስት ሰዓት ያላነሰ ክፍተት ይተዉ። እኛ ብንሆን አንድ ሌሊት አዲስ አበባ እናድር ነበር፤ ሻንጣ ቢዘገይ እንኳ ማግኛ ጊዜ ይኖራል። ድሮን ይዘው አይምጡ፤ ያለ ቅድመ ፈቃድ ከመጣ ቦሌ ላይ ይያዛል።

«ቲኬት ከጠፋ በመኪና ብንሄድስ?» (አዳማ)

መንገዱ ከአዲስ አበባ ተነስቶ በደጀንና በባሕር ዳር በኩል 730 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ሰላም በሆነ ጊዜ ሌሊት 11 ሰዓት የተነሳ አውቶቡስ ጎንደር የሚደርሰው መሽቶ ነው። ዓባይ በረሃ ወርዶ መውጣቱ ብቻ ከአንድ ሰዓት በላይ ይፈጃል።

የአሁኑ ጥያቄ ግን ርቀቱ አይደለም። በአማራ ክልል ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በተነሳው ግጭት መንገዱ ሳይታሰብ የተዘጋባቸው ጊዜያት ብዙ ናቸው፤ ተሳፋሪ የታገተባቸውም አሉ። ስለዚህ ምክራችን አጭር ነው፦ ለበዓል ብላችሁ ይህን መንገድ አትጀምሩት። በባሕር ዳር በኩል በአውሮፕላን ገብቶ ቀሪውን 180 ኪሎ ሜትር በመኪና መሄድም ሦስት ሰዓት የሚፈጅ ጥሩ አማራጭ የነበረ ነው፤ ዛሬ ግን በዚያ ሳምንት መንገዱን የተመላለሰበት ሹፌር «ሰላም ነው» ሳይላችሁ፣ የጎንደር ዘመዳችሁም ሳያረጋግጥላችሁ አትሞክሩት። ከሞከራችሁትም በቀን ብርሃን፣ ከረፋዱ ጀምሮ፣ ከ10 ሰዓት በፊት ለመድረስ ይሁን።

በአውሮፕላን ለሚሄዱም ቢሆን፣ ከተማው ውስጥ ያለውን ሁኔታና የሰዓት እላፊ መኖር አለመኖሩን ከሆቴላችሁ ጠይቁ። ሌሊት ወደ ባሕረ ጥምቀቱ ለመሄድ ያሰባችሁበት ሰዓት የሚወሰነው በዚህ ነው።

«እናቴ 72 ዓመቷ ነው፤ ጥምቀትን ጎንደር ማየት የዕድሜ ልክ ምኞቷ ነው። ግፊያውን ትችለዋለች? የት ብናስቀምጣት ይሻላል?» (ሐዋሳ)

ይዘዋቸው ይሂዱ። ግን ሁሉንም ነገር እንዲያዩ አያስገድዷቸው። ለትልቅ ሰው ከተራው ከጥምቀቱ ማለዳ ይልቅ ይመቻል። ጥር 10 ከቀትር በኋላ ታቦታቱ ከየአድባራቱ ወጥተው በካህናትና በመዘምራን ታጅበው በዝግታ ነው የሚሄዱት፤ መንገድ ዳር ወንበር ይዞ የተቀመጠ ሰው ሁሉን ነገር ከፊቱ ሲያልፍ ያየዋል። ታቦታቱ ከመውጣታቸው ሁለት ሰዓት ቀድመው፣ ጥላ ያለበት፣ ከኋላው ግድግዳ ወይም የሱቅ በር የሆነ ቦታ ይያዙ። ከኋላ ግፊያ የማይመጣበት መሆኑ ከእይታው ይቀድማል። የጥምቀት ጋድ ጾም ነውና መድኃኒት የሚወስዱ ከሆነ ከንስሐ አባታቸው ጋር አስቀድመው ይነጋገሩ፤ የስኳር ሕመምተኛ በፀሐይ ላይ እየጾመ ከቆመ ይወድቃል።

ማለዳውንም ማየት ከፈለጉ፣ ሌሊት 10 ሰዓት ግድም ወጥቶ ፍተሻውን ማለፍ ያስፈልጋል። ጎንደር ከባሕር ወለል በላይ ከ2,100 ሜትር ከፍታ በላይ ያለ ከተማ ነው፤ የጥር ሌሊት ለቆመ ሰው ይበርዳል። ነጠላ አይበቃም፤ ጋቢ ይልበሱ፣ ካልሲም ይደርቡ። ፀሐይ ስትወጣ ደግሞ በአንድ ሰዓት ውስጥ ይሞቃል፤ ጋቢውን የሚይዝ ሰው አብሯቸው ይሁን። ከቅዳሴው በኋላ ውኃው ተባርኮ ወጣቶቹ ወደ ገንዳው ሲዘሉ የገንዳው ዳር ለአረጋዊ አይሆንም፤ ድንጋዩ ይረጥባል፣ ሰዉ ሁሉ በአንድ ጊዜ ወደ ውኃው ይገፋል። እርስዎ በኮዳ ጠበሉን ይዘውላቸው ይምጡ፤ እሳቸው ከግንቡ ራቅ ብለው፣ ወደ መውጫው ቀረብ ብለው ይቀመጡ።

ስለ እንጨት መቀመጫው ጠንከር አድርገን እንናገር። በ2012 ዓ.ም. ጥምቀት ባሕረ ጥምቀቱ ዳር ለተመልካች የተሠራ የእንጨት መደርደሪያ ተደርምሶ ቢያንስ 10 ሰዎች ሞተዋል፤ ብዙዎች ቆስለዋል። እንዲህ ያለ መቀመጫ ላይ ከመውጣትዎ በፊት ጎንበስ ብለው ከሥሩ ይዩት። ቋሚዎቹ መሬት ላይ ገብተው ቆመዋል ወይስ ድንጋይ ላይ ተደግፈዋል? በቋሚዎቹ መካከል በሰያፍ የተመታ እንጨት አለ? ቋሚና አግዳሚ ብቻ የሆነ መደርደሪያ ክብደትን ወደ ታች ይችላል፤ ሰዉ አብሮ ሲወዛወዝ የሚመጣውን የጎን ግፊት ግን አይችልም፤ ያኔ ባንድ ወገን ይተኛል። መጋጠሚያው ምስማር ብቻ ከሆነ፣ ምስማሩም ብቅ ብቅ ካለ አይውጡ። ስንት ሰው እንደሚችል የሚቆጣጠር አስተናባሪ ከሌለም አይውጡ። ከወጡ በኋላ መወዛወዝ ከተሰማዎ ወይም ሰዎች በጎን በኩል እየተንጠላጠሉ ከጨመሩ ዝማሬው እስኪያልቅ ሳይጠብቁ ይውረዱ። እናትዎን ግን መደርደሪያ ላይ ባያወጧቸው እንመርጣለን፤ የያዙት መቀመጫ የቱንም ያህል ጠንካራ ቢሆን ትልቅ ሰው ፈጥኖ ሊወርድበት አይችልም።

ስልክ በዚያ ሕዝብ መካከል ላይሠራ ይችላል። ከተጠፋፋችሁ የምትገናኙበትን ቦታ አስቀድማችሁ ቁረጡ፤ «በሩ ጋ» አይበቃም፤ ከግቢው ውጭ የሆነ፣ ስሙ የታወቀ ቦታ ይሁን። ጃንተከል ዋርካው ሥር ማንም ሰው ይመራቸዋል። በኪሳቸውም የሆቴሉን ስምና የእርስዎን ስልክ በወረቀት ጽፈው ያስቀምጡላቸው።

«የማገኘው ቲኬት ጥር 11 ማታ የሚያደርስ ብቻ ነው። ዋናው ካለፈ መሄዱ ዋጋ አለው?» (ድሬዳዋ)

የውኃውን ቡራኬ ለማየት ከሆነ አምልጦዎታል፤ ለዚያ ብለው አይሂዱ። ጥር 12 ግን ተራ ቀን አይደለም። የቅዱስ ሚካኤል ታቦት የሚመለሰው ያን ዕለት ነው፤ እልልታውና ሆታው ያው ነው፤ ሰዉ ግን ከጥር 11 ያነሰ ስለሆነ በቅርበት ያዩታል። አልጋም ከጥር 11 ጀምሮ ይለቀቃል፤ ዋጋውን ለመነጋገርም ያን ጊዜ ይቀላል። ጥር 13ን ለፋሲል ግቢና ለደብረ ብርሃን ሥላሴ ያድርጉት፤ በበዓሉ ቀናት ግቢውን በእርጋታ መጎብኘት አይቻልም።

«ሁሉም ካልተሳካ ሌላ የት እንሂድ?» (አዲስ አበባ፣ ሰሚት)

በመጀመሪያ ጃን ሜዳን አትናቁት። ከተማው ውስጥ ያለ ሰው አልጋም ቲኬትም ሳያስፈልገው የከተራውን ሽኝት፣ የሌሊቱን ማኅሌትና የማለዳውን ቡራኬ በሙሉ ያያል፤ የብዙ አድባራት ታቦታት አንድ ሜዳ ላይ ያድራሉ። ችግሩ መኪና ማቆሚያ ነው። ጥር 10 ከቀትር ጀምሮ ወደ ጃን ሜዳ የሚወስዱ መንገዶች ይዘጋሉ፤ መኪናችሁን ራቅ አድርጋችሁ አቁሙና በእግር ግቡ።

የገጠሩን ጥምቀት ለሚወድ ኢራንቡቲ አለ፤ ምንጃር ሸንኮራ፣ ከ44 አድባራት ታቦታት ወጥተው በአንድ ሜዳ የሚሰበሰቡበት። አረርቲ ድረስ መኪና አለ፤ አልጋ ግን ጥቂት ስለሆነ አንድም አስቀድሞ መያዝ፣ አንድም ሜዳው ላይ ድንኳን ተክሎ እንደ ምዕመኑ ማደር ነው። ቦታው አማራ ክልል ውስጥ፣ ሰሜን ሸዋ ስለሆነ ስለ መንገዱ ደኅንነት ከላይ ያልነው ሁሉ ለእዚህም ይሠራል። ከአዲስ አበባ 160 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ ደንበል ሐይቅ ዳር ያለችው ባቱ የአስፋልት መንገድና በቂ ሆቴሎች አሏት። አክሱም ጥምቀትን የሚያከብረው ማይ ሹም ነው፤ በአውሮፕላን ብቻ የሚታሰብ ነው፤ መቀመጫውም እንደ ጎንደሩ አይጣበብም።

ላሊበላን ለጥምቀት ማሰብም ይቻላል። ብዙ ሰው ላሊበላ የሚሄደው ለገና ነው፤ ማሜ ጋራ ላይ የሚዘመረውን ቤዛ ኩሉ ለማየት። የገናው ሕዝብ ከሄደ በኋላ ሆቴሎቹ ይከፈታሉ። ለከርሞ ገናን እዚያ ለማክበር ለምታስቡ አንድ ማስታወሻ፦ በዘመነ ዮሐንስ፣ ማለትም ጳጉሜን ስድስት ቀን ከሆነችበት ዓመት ቀጥሎ ባለው ዓመት፣ ገና የሚውለው ታኅሣሥ 28 ነው፤ በሌሎቹ ዓመታት ታኅሣሥ 29። የፈረንጁ ቀን ግን ሁልጊዜ ጃንዋሪ 7 ስለሆነ፣ ለላሊበላ ቲኬት ስትቆርጡ በፈረንጁ ሂዱ።

«ገንዘብ ምን ያህል በእጅ እንያዝ?» (ጅማ)

የአልጋውን ቀሪ ክፍያ፣ የምግብንና የባጃጅን ወጪ ለቆይታችሁ በሙሉ፣ ከዚያ በላይ ደግሞ አንድ ተጨማሪ ሌሊት የሚሸፍን ጥሬ ብር። ጥር 11 ባንክ ዝግ ነው፤ ኤቲኤም ላይ ረጅም ወረፋ ይኖራል፤ ብሩም ያልቃል። ኔትወርክ ከተቋረጠ ቴሌብርም ሞባይል ባንክም አይሠራም። ለባጃጅና ለሻይ የሚሆኑ ባለ 10 እና ባለ 50 ብር ኖቶች አዲስ አበባ እያላችሁ ዘርዝሩ። ሁሉንም በአንድ ኪስ አትያዙ፤ ሰልፉ ውስጥ ስትገቡ የዕለቱን ብቻ ይዛችሁ ቀሪውን ለሆቴሉ አስቀምጡ፤ ያስቀመጣችሁበትን ወረቀት ተቀበሉ። ቲኬታችሁንና የሆቴሉን የማረጋገጫ መልእክት ደግሞ ኢንተርኔት ሳያስፈልግ እንዲከፈት ስልካችሁ ላይ በፎቶ አስቀምጡት፤ አንድ ቅጂም አሳትሙ።